የጥንቁቁ ኮምፒውተር

ሰፈሩ «ጥንቁቁ» ይለዋል። በሩን ቆልፎ ደጋግሞ የሚገፋ፣ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጃንጥላ የሚይዝ የሒሳብ መምህር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሳሳታል ትሉ ይሆናል። ቆዩማ!

የዚያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደገና ድርግም ብሎ ጠፋ። ነርሷ ሚስቱ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ኮምፒውተር ትፈተናለች፤ ካለፈች በትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ትቀጠራለች። መሐል ላይ ከጠፋባት ግን አለቀ፤ ተመልሶ መግባት የለም። ስትለማመድበት ደግሞ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ይጠፋል።

«ዛሬም?» አለች፣ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንደቀረ።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ትከፍቺበታለሽ!»

ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ሲጨንቀው ምላሱ ይቀድመዋል። ሳምንቱን ሙሉ ያልወቀሰው የለም፤ መብራቱን፣ ሶኬቱን፣ አቧራውን፣ እሷን።

መልሶ አበራውና የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን፣ ሙቀት የሚያሳየውን ቁጥር ከፍቶ አፈጠጠበት። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና... ድርግም!

«ሞቆት ከሆነ መስኮት ክፈትለታ፣ ልጄ» አሉ አማቱ ከሶፋው ላይ።

«በመስኮት የሚሆን አይደለም፣ እማማ።»

ካቻቪቴ አምጥቶ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ። ማቀዝቀዣው ፋን አዲስ ነው። አሮጌው እየጮኸ ስታጠና እንዳይረብሻት ብሎ ባለፈው ሳምንት ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ነው የገጠመው። ለዚህም ነው ሁሉን ሲፈትሽ እሱን ያልነካው፤ እኔ የሠራሁት ምን ይሆናል ብሎ! አሁን ግን ያልተፈተሸ ሌላ ነገር አልቀረም። ብሎኖቹን ፈታ።

ፋኑን ከነብረቱ አንሥቶ ገለበጠው፤ ክው አለ። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ብረት የፋብሪካ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው! ሙቀቱን አፍኖ የያዘው ያ ስስ ላስቲክ ነበር። ወይ ጉድ! መቼም እዚያ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ ተልጦ አያውቅም። ሪሞቱ ከነላስቲኩ፣ የፍሪጁ በር ከነላስቲኩ፤ አማቱ የተቀመጡበት ሶፋ እንኳ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንጫጫል። እንዳይበላሽ ተብሎ ነው። ጥንቁቁም ሲገጥም ላስቲኩን አይቶታል፤ አይቶ፣ በጥንቃቄ ትቶታል።

ላጠው። የፕሮሰሰሩን ፊት ጠራርጎ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት እንደ አዲስ ቀባ፣ መልሶ ገጠመ፣ አበራ። የፈተናው ልምምድ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ቁጥሩ ሃምሳን አላለፈም።

«ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፋኑን ከነላስቲኩ ገጥሜው!»

አማቱ በሳቅ ፈረሱ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ቁጥሩ ላይ አፍጥጣለች።

«ምነው? ደስ አላለሽም እንዴ?»

«እስካሁን ብወድቅ ኮምፒውተሩ ነው እል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ብወድቅስ፣ ማንን ልውቀስ?»

ጥንቁቁ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ቀዝቃዛ እጇን ያዘ።

«እኔን ውቀሺ» አላት። «ሳምንቱን ሙሉ እኔ አንቺን ስወቅስ አልነበር?»