ልጄ የተፋችው ወይን

ልጄ ከተማ ሄዳ የወይን ቅምሻ መማር መጀመሯን ስትነግረኝ፣ መጠጥ ይለምድባታል ብዬ ላስቆማት ቆርጬ ነበር። ለበዓል ወደ አገራችን ወደ ዘመሮ ስትመለስ ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ወግ የተጠመቀ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። እንደ አገራችን ደንብ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችልኝ። ቀጥላ በብርጭቆ ቀድታ አሸተተች፤ አፏ ውስጥ አንከባለለችና ጣሳ ውስጥ ተፋችው።

«የቀረበ መጠጥ ትተፊያለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አባባ፣ በቀን ብዙ ዓይነት እንቀምሳለን፤ ከዋጥኩማ ሳልጨርስ እሰክራለሁ።»

እኔም ተጎነጨሁ። ምላሴን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። «ጌሾ በዝቶበታል» አልኩ።

ሳቀች። «እንዲህ የሚይዘው የወይኑ ልጣጭ ነው፤ ወይኑን ለዓመታት ሳይበላሽ የሚያቆየውም እሱ ነው። እርስዎ ግን ዋጡት እኮ!»

እውነቷን ነው። ትሰክራለች ብዬ የፈራሁላት ልጅ ስትተፋ፣ መካሪው እኔ ብርጭቆዬን ጨርሼ ነበር። «በይ ሂጂና ተማሪ» አልኳት።