ክፍል ሁለት መጣ?

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ናቲ ሻይ እየጠጣ ፍላሽ አቀበለኝና «ይኼን እየው፣ በጣም አሪፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ አክተሩ ይሞታል» አለኝ። ሌላው ሰው ፊልም ሲያደንቅ ድብድቡን ያነሣል፤ ናቲ ግን የአክተሩን ሞት እንደ ቅመም ነው ያቀረበልኝ። ፍላሹን በእጄ ሳገላብጥ የናፍጣ ጭስና የእርጥብ ጋቢ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ የእትዬ ዘይነባ ቪዲዮ ቤት ሽታ።

ደባርቅ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ እያጓራ፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ከባሕር ዛፍ በተሠራ አግዳሚ ላይ ተፋፍገን እንቀመጥ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከጨርቅ ንግድ ወደ ፊልም የዞሩ ሴት ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው «ዱላ ውጭ፣ ጠብ በሆድ» እያሉ የገበያተኛውን ዱላ ሁሉ ይሰበስባሉ።

እኔ እስከ ዛሬ ከቻይና ፊልም የሚበልጥ የለም ባይ ነኝ። የህንዱ ሊገድል ሄዶ ይዘፍናል፣ የአሜሪካው ከሰው ይልቅ መኪና ይጨርሳል፤ የቻይናው ግን ሲመቱት ከአፉ የወጣውን ደም በእጁ ጠርጎ፣ አይቶት፣ ቀምሶት ነው የሚነሣው። ከቪዲዮ ቤቱ እንደወጣን ሜዳው ላይ የምንደባደበውም የእውነት ነበር፤ ቦሱን፣ የክፉዎቹን አለቃ፣ መሆን የሚፈልግ ስለሌለ መጀመሪያ የምንፈነካከተው ማን አክተር ይሁን በሚለው ነው፣ የፊት ጥርሴም የተሸረፈው በዚያው ክርክር ነው። ማንም የማይከራከርበት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ አክተር አይሞትም።

ፊልሙን የሚተረጉምልን «የኔታ ቪዲዮ» የምንለው ሰው ነበር፤ ዳባት አካባቢ ቅኔ ቤት ገብቶ ያቋረጠ፣ ቀጭን፣ እንግሊዝኛም ቻይንኛም የማያውቅ፣ ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአርጩሜ እየጠቆመ ለሁሉም አፍ የሚያወጣ። ቦሱ ሰይፍ ሲመዝ «ወልደ አርዌ፣ ዛሬ አጥንትህን ለቁራ ምሳ አደርገዋለሁ» ያሰኘዋል፤ አክተሩም «ኦ ርጉም፣ አፍህ ከጎራዴህ ረዘመ» ብሎ ይመልሳል። ግጥም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የቀመስኩት ከዚያ ሰው አፍ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንድሙ የተገደለበት አክተር ገዳዩን ብቻውን የሚያሳድድበት ካሴት መጣ። ያን ቀን ከበየዳ ገብስ ጭኖ የመጣው አያ ታከለ ከፊት ተቀምጧል። የእሱም ወንድም በወሰን ጠብ ተገድሎ ነበር፤ ሽማግሌዎች ለዕርቅ እየለመኑት፣ ዘመዶቹ ደግሞ «ደም መላሽ የሌለው ቤት» እያሉ ያንጓጥጡት እንደነበር ገበያው ሁሉ ያውቃል። ዓይኑን ሳይነቅል አየ። በመጨረሻ ቦሱ ጎራዴውን አክተሩ ሆድ ውስጥ ሰክቶ አዞረው፤ አክተሩ ወደቀ፣ አልተነሣም፣ ጽሑፉ መውረድ ጀመረ።

«ተነሥ በለው» አለ አያ ታከለ።

የኔታ ቪዲዮ አርጩሜውን ዝቅ አደረገ።

«እስካሁን ስታናግረው አልነበር? ተነሥ በለው እንጂ።»

ከዚያ የኮንጎ ጫማ በቴሌቪዥኑ ላይ ዘነበ፤ አግዳሚው ተገለበጠ፤ አንዱ በርጩማውን አንሥቶ የተርጓሚውን ግንባር ፈነከተው፤ አያ ታከለ በሁለት እጁ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ደሙ ቅንድቡን አልፎ አፉ ውስጥ እየገባ፣ የኔታ ቪዲዮ እንደምንም ድምፅ አወጣ።

«አልሞተም፤ ቆስሎ ነው። ክፍል ሁለት አለው።»

የአያ ታከለ እጅ ላላ። «መቼ ነው የሚመጣ?»

«ከጎንደር ይላካል፤ እህሉ ሲሰበሰብ።»

«እንዲህ ከሆነ እጠብቃለሁ። የሱን መጨረሻ ሳላይ የኔን ደም አልመልስም።»

ሰው ሲወጣ እትዬ ዘይነባ የሻርፓቸውን ጫፍ ቀደው ግንባሩን እያሰሩለት «አንተ ውሸታም» አሉት። «ምን ላድርግ እትዬ፣ ለዕርቁ ሽማግሌዎቹም ያጡት ጊዜን ነው» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ አያ ታከለ ገበያ በመጣ ቁጥር ገብሱን ሳያራግፍ በሩ ላይ ብቅ ይላል። «የኔታ፣ ክፍል ሁለት መጣ?» «መንገድ ላይ ነው።» «ምነው፣ በኤሊ ነው እንዴ የጫናችሁት?» ብሎ እየሳቀ ይመለሳል። እኛም ሜዳው ላይ የራሳችንን ክፍል ሁለት እየፈጠርን አፍንጫ ለአፍንጫ እንማታለን። ሽማግሌዎቹም በዚያው መሀል ሁለቱን ወገን አግባብተው የዕርቁን ቀን ቆረጡ።

ታዲያ ጎንደር የከረመ ጎረምሳ ከእኛ ፊት ለፊት የዲቪዲ ቤት ከፈተ፤ ተርጓሚ የለውም። አንድ የገበያ ቀን የእትዬ ዘይነባ በር ተዘግቶ ስላገኘው አያ ታከለ ጥያቄውን ይዞ ወደዚያ ተሻገረ። ጎረምሳው ክፋት አልነበረበትም፤ ሽቦ እየቀጠለ፣ ቀና እንኳ ሳይል ነው የመለሰለት።

«ያ የቻይናው? እሱማ አለቀ እኮ፣ አክተሩ ሞቷል። ክፍል ሁለት የሚባል የለውም።»

አያ ታከለ አልተቆጣም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና «እንግዲያ ደሙን ማን ሊመልሰው ነው?» አለ። ገብሱን ከነአህያው እዚያው ትቶ ሄደ።

ወሬውን የበየዳ ገበያተኞች አመጡት፤ የወንድሙን ገዳይ አውድማ ላይ በሬ እየነዳ ሳለ ተኩሶ ጣለው፣ የሟቹም ልጅ አያ ታከለን በመንሽ አንገቱ ላይ ወግቶ ገደለው፤ የተወቃው ገብስ ደም ጠጥቶ ለዘርም ለምግብም ሳይሆን ቀረ።

ወሬው በመጣበት ቅዳሜ የኔታ ቪዲዮ እንደ ወትሮው በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ፊልሙ ተጀመረ፤ እሱ ግን አፉን አልከፈተም። ሰዎቹ ያለ ቃል ሲደባደቡ፣ አጥንት ሲሰበር ብቻ እየሰማን ዋልን። ማንም ተርጉም አላለውም። አርጩሜውን በሩ ላይ፣ ከገበያተኛው ዱላ ጋር አስደግፎ ወጣ፣ አልተመለሰም።

ዛሬ ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ አገር ብዙ የእውነት ተኩስ ሰምቷል፤ ናቲ ያደገው እሱን እየሰማ ስለሆነ አክተር አይሞትም ብትሉት ይስቅባችኋል። እኔ ግን አንዲት ውሸት ግንባሯ ተፈንክቶ አንድ መኸር ሙሉ ደም ይዛ ስታቆይ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚዋሽልን ሰው አሁን የለንም።

የናቲን ፊልም አየሁት። ጥሩ ነው። አክተሩ ሞተ፣ ጽሑፉ ወርዶ አለቀ፣ እኔም ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ቁጭ አልኩ። ናቲ ደወለ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ክፍል ሁለት አለው?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ» አለኝ፣ «ሞተ እኮ።»