የእናቴ ግማሽ ሚሊዮን

እናቴ ሎስ አንጀለስ የገባች ቀን፣ በእሷ አውሮፕላን የመጣው ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እኔ የኤርፖርቱን በር እያየሁ ቆሜ ነበር። ሆሊውድ ከምሠራበት የሆቴል ፓርኪንግ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ኮሪያታውን ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር በምጋራው ቤት አንድ አልጋ ጨምሬያለሁ። እሷ ግን የለችም።

ስልኬ ጮኸ። ጉምሩክ ነው።

"እናትሽ እኛ ጋ ናት" አለኝ ሰውየው በእንግሊዝኛ። "ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዛለች። በቋንቋ አልተግባባንም።"

ወረቀቷን ለማስጨረስ የለፋሁት ሁሉ ታየኝ። ከደጃፉ ሊመልሷት ነው ብዬ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ብዙ ዓመት የኖረችው ሐርጌሳ ነው። ሶማሊላንድ ነጻ አገር ነኝ ካለች ቆይታለች፤ ዓለም ባይቀበላትም ባንዲራዋም ገንዘቧም የራሷ ነው። እናቴ እዚያ ለቀን ሠራተኞች ምግብ አብስላ ትሸጥ ነበር። ስለዚያ አገር ገንዘብ፣ ስለ ሽልንጉ፣ ስትነግረኝ "ገንዘቡን በዘንቢል ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ሥጋውን በፌስታል ይዘሽ ትመለሻለሽ" ትለኝ ነበር።

ሰውየው ስልኩን ሰጣት።

"እማዬ፣ ምን ይዘሽ ነው?"

"ግማሽ ሚሊዮን" አለች። "አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የጉምሩኩን ወረቀት ስትሞላልኝ 'ከአሥር ሺህ በላይ ይዘዋል፣ እማማ?' አለችኝ። ታዲያ ልዋሽ? አዎ አልኳት።"

"የምን ግማሽ ሚሊዮን?"

"ሽልንግ ነዋ!" ወረቀቱ የሚጠይቀው ግን ስለ ዶላር ነበር።

ሰውየው ስልኩን መልሶ ወሰደ። ጠረጴዛው ላይ ጡብ ጡብ የሚያህሉ አሥር የገንዘብ እስሮች እንዳሉ፣ ኮምፒውተራቸው ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ እንደማያውቅ ነገረኝ። "በዶላር ስንት ነው?" አለኝ። እኔ የት አውቄ! እሷኑ ጠየቅኋት።

"መንዛሪው ደህና ሰው ከሆነ ስልሳ" አለች።

"ስልሳ" አልኩት።

"ስልሳ ሺህ?"

"አይ። ስልሳ ዶላር።"

ለአንድ ሰው የሆነ ነገር ሲናገር ተሰማኝ፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው ሳቅ። እናቴም፣ ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ፣ አብራቸው ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ግን አለቀስኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። መጀመሪያ ያለችኝ "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" ነው።

መኪና ውስጥ ለምን እንዳልመነዘረችው ጠየቅኋት። ድስቶቿን የገዛቻት ሴትዮ ገንዘቡን ያመጣችላት እናቴ ከሐርጌሳ ልትነሳ ስትል ነው። በአዲስ አበባ በኩል ስታልፍ ባንክ ብትወስደው አንቀበልም አሏት።

"ታዲያ ልጣለው? የላቤ ነው" አለች።

"አትጣዪው እማዬ። አሁን ዝም ብለሽ እረፊ።"

አውሮፕላን ላይ እህል አልቀመሰችም ነበርና በቀጥታ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ፌርፋክስ ወሰድኳት። ከአንድ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና ገባን። ሽሮ አዘዘች። አስተናጋጇ ይዛ ስትመጣ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

"ልቀስቅሳቸው?" አለችኝ ልጅቷ።

"ኖ፣ ተያቸው" አልኳት። "ሲነሱ ታሞቂላቸዋለሽ። ዛሬ የሚያስቸኩለን ነገር የለም።"