መሬት የማይነካ ዘንግ

የአባቴ መቅዘፊያ እስካሁን ከጓዳው በር ጀርባ ቆሟል። ረጅም ቀርከሃ ነው፤ መሃሉ በእጁ ላብ ጠቁሮ ለስልሷል። ዝናብ ሲመጣ ዛሬም የደንገልና የዓሣ ሽታ ይወጣዋል። ቤት ስጠርግ ይሸተኝና፣ ምን ልበልህ፣ ሐሳቤ እዚህ ደጃፋችን ያለውን ሐይቅ ትቶ ጀርመን አገር ይሄዳል።

ያኔ ወጣት ነርስ ነበርኩ። ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ ስላክ፣ ታላቅ ወንድሜ የሚማርበት ከተማ በባቡር ሩቅ እንዳልሆነ ሰማን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወገቡ ተይዞ አልጋ ላይ ውሏል። ወንድሜ በስልክ "በሚመጣው ክረምት" ይላል፤ ክረምቱ ይመጣል፣ እሱ የለም። ልሄድ ስነሳ አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ሂጂና ዐይተሽው ነይ። ረስቶን ከሆነ እውነቱን ንገሪኝ። ወላሂ አልቀየምም፤ ብቻ እንዳታባብይኝ።"

ከሻንጣዬ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከእኛዋ ከሐይቅ ከተማ ብዙም የምትበልጥ አልመሰለችኝም። ግን የትም ዞር ብትል ተማሪ ነው! በብስክሌት ይከንፋል፤ ወንዙ ዳር ግንብ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ያነባል። ወንድሜ ከባቡር እንደወረድኩ አቀፈኝና፣ "አባዬስ?" እንኳን ሳይል ማስጎብኘት ጀመረ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ ያረጀው ቤተ መጻሕፍት፣ ዘመም ያሉት የእንጨት ቤቶች። ደረጃ ወጣን፣ ደረጃ ወረድን። ስለ ቤት ላነሳ አፌን ስከፍት፣ "ቆይ፣ ይህን ሳታዪማ አትሄጂም" ይለኛል። ኧረ ተው አንተ ሰው! የደወል ማማ ለማየት ነው እንዴ የመጣሁት? ተናደድኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ ለአባቴ የምወስደው መልስ ይኸው ነው ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ጋ ወሰደኝ። የከተማዋ ትልቁ መዝናኛ ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ነው። አንዱ ከኋላ ቆሞ ረጅም ዘንግ የወንዙ መሬት ላይ እየተከለ ይገፋል፤ ሌላው ተቀምጦ ይሄዳል። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ ዛፎቹ ውሃው ላይ ተደፍተዋል። ጀልባው ላይ የጠበቁን የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ዘንጉን ሰጡት። ከዚያ በፊት ነክቶት እንደማያውቅ ከፊታቸው ገባኝ።

እንደነሱ አልቆመም። ቁጢጥ አለና ዘንጉን መሃሉ ላይ ይዞ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ውሃውን ይቀዝፍ ጀመር። ጀልባዋ ዞራ ከዳሩ ዛፍ ጋር ተላተመች። ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። በእጃቸው ወደ ታች እያሳዩ "መሬቱን ግፋው!" ይሉታል፤ ወንዙ እኮ ከወገብ አያልፍም። እሱ ግን አይሰማም። የእኛ ሐይቅ ከዳር ፈቀቅ ካልክ ዘንግ መሬት አያገኝም። በደንገል ታንኳ ያደገ ሰው ውሃ ውስጥ መሬት አይፈልግም። ጉልበቱን ያጠፈበት፣ ትከሻውን የጣለበት፣ ቁርጥ አባቴን!

"ወንድምዓለም" አልኩት፣ "አባዬ 'ረስቶናል ወይ?' ብሎ ነው የላከኝ።"

ዘንጉን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ውሃው ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል።

"ቆሞ እንጂ ተኝቶ አላውቀውም፣ እህትዓለም። ተኝቶ ማየት ፈራሁ" አለኝና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

አገሬ ስገባ አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ቤተ መንግሥቱን ዘልዬ ጀልባውን ነገርኩት።

"መሬቱን አልነካም?" አለኝ።

"አልነካም፣ አባዬ።"

"ከወገብ በማያልፍ ውሃ?"

"ከወገብ በማያልፍ ውሃ!"

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ እጆቹን ከጋቢው ሥር አወጣና በባዶው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ቀዘፈ።

"እንዲህ?"

"እንዲህ፣ አባዬ።"

ከዚያ ወዲያ "መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወንድሜ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሲመለስ መቅዘፊያውን ውሰደው ስለው እምቢ አለ፤ በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ራሱ ከበሩ ጀርባ አቆመው። ቤት ስጠርግ አነሳዋለሁ፤ ግን መሬት ላይ አላጋድመውም። እስክጨርስ ሌላው ግድግዳ ላይ አቆመዋለሁ።