በሰልፍ የቆመው መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ወልድያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቁልቁለቱን ጨርሶ ውርጌሳ ሲገባ፣ ተራራው ውስጥ ጠፍቶ የቆየው ኔትዎርክ መጣና የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። ሰው ኪሱንና ቦርሳውን ሲደባብስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን አውጥታ አነበበች። ወዲያው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ሳያውቋት አቀፏት፤ ሌላው ውሃ ሊገዛ ሮጠ። በኋላ እንደተረዳነው፣ አንድ የሩቅ ዘመድ የወንድሟን ሞት የሰማች መስሎት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ጽፎላት ኖሯል።

ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ቸኩሎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም። እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን ነው። ሽማግሌ ከፊት ይሆናል፤ ሀዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዙት ጎልማሶች አጠገቡ ይቆማሉ። በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም አፉን ሳይከፍት ልቡ ያውቀዋል፤ ቢያውቀውም ግን ብቻውን አይደለም። የዚህን ወግ ትርጉም ያስተማረኝ የኮምፒውተር ብልሽት ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖር ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እንደወጣሁ፣ ሰይድ ከሚባል የክፍል ጓደኛዬ ጋር ወልድያ ላይ ከአንድ ጎሚስታ ጎን ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። የጎማ መንፊያው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል እኛም ስናወራ እየተጯጯህን ነው። ሥራችን ለቅሬዎች መልእክት ማድረስ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በእኛ በኩል እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይቀባበራል። ድሮ ሰው ሲሞት ጠሪ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። ሰፈሩ እየሰፋ፣ ሰውም ለሥራ እየራቀ ሲሄድ የጠሪው ድምፅ አልደርስ አለ። እኛ ታዲያ የቅሬው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ሲጽፍ ለአባላቱ ሁሉ በስልካቸው የሚደርስበትን ዘዴ ሠራን።

ዘዴው ሁለት ፕሮግራም ነበረው። ተቀባዩን እኔ ጻፍኩት፤ ከየቅሬው የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ሰልፍ ያስይዘዋል። ላኪውን ሰይድ ጻፈው፤ ከሰልፉ ፊት ያለውን እያነሳ ወደ አባላቱ ስልክ ይልካል። እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል፣ ከመሃል ዘሎ የሚገባ የለም። በዚህ ሥራችን እንኳን እኛ ጎሚስታውም ይኮራ ነበር፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «እነዚህ ልጆች ወልድያ ተቀምጠው ሐራ ያለውን ሰው ለቀብር ይጠራሉ» ይል ነበር።

አንድ የጥቅምት ቀን ረፋድ ላይ የመርሳው ቅሬ ሰብሳቢ፣ በእኛ አጠራር ዳኛው፣ ሸህ እንድሪስ ደወሉ። ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ግን ሰላምታቸው አጠረብኝ።

«ልጄ፣ ያ ኮምፒውተራችሁ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ? ትናንት ትልቁን ሰውዬ ስንቀብር ሰው ሳሳብን። ዛሬ ደግሞ አንዲት ዘመድ የሌላት አሮጊት ወደ አኼራ ሄዳለች። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ልንቀብራት ነው። ጸሐፊው ጥሪውን ከላከ ቆየ፤ እስካሁን ብቅ ያለ የለም። ተሸካሚ እንኳ አጣን።»

«አሁኑኑ እናየዋለን፣ ሸህዬ። ትንሽ ይታገሱን።»

እንደ ልማዳችን መጀመሪያ እርስ በርስ ተካሰስን። ሰይድ የእኔ ተቀባይ አልቀበል ብሎ ነው አለ፤ እኔ ያንተ ላኪ ተኝቶ ነው አልኩ። ብናይ ተቀባዩ ሁሉንም ተቀብሏል። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ደህና ነው፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው። ላኪውም አልተኛም፤ እንዲያውም ፋታ የለውም። ሰልፉ ግን አንድ እርምጃ አልተነቃነቀም። ላኪው ምን እያደረገ እንደሆነ የሚጽፍበትን ገጽ ከፍተን ስናነብ፣ ያንኑ አንድ መልእክት ያነሳል፣ ሊልክ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይመልሳል፤ እንደገና ያነሳል።

መልእክቱ ትናንት የተቀበሩት ትልቅ ሰው ጥሪ ነበር። ጸሐፊው ማንም ቅር እንዳይለው ብሎ የሟችን ዘመድ አንድ ሳያስቀር ዘርዝሯል፤ የእነ እገሌ አባት፣ የእነ እገሌ አጎት፣ የእገሌ አማች፣ የእገሌ ክርስትና አባት እያለ። አልፈርድበትም። በእኛ አገር በጥሪ ላይ ስሙ የተዘለለ ዘመድ ቂሙን እስከ ልጅ ልጁ ያወርሳል። መልእክቱ ግን ከመርዘሙ የተነሳ መላኪያ ሞደማችን የሚችለው አልሆነም። እኛ ደግሞ ምንም መልእክት እንዳይጠፋ ብለን፣ ያልተላከ ሁሉ ወደ ሰልፉ ፊት ተመልሶ እንደገና ይሞከር ብለን አዝዘን ነበር። እርጥብ እህል ይዞ ወፍጮው አፍ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር ከኋላው ያለው ሁሉ ሳያስፈጭ ይመሻል፤ የእኛም ነገር ይኸው ሆነ።

«ቀላል ነው» አለ ሰይድ። «ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው ወደ ጎን ያስቀምጠው እንለዋለን። ሌላው ባንዴ ይለቀቃል፤ አሮጊቷም በጊዜ ይቀበራሉ።» ወዲያው ጻፈው። የቀረው ላኪውን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ነበር።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ከኋላው ያለውን ሳላይ በር መክፈት አልወድም። «ቆይ፣ ምን እንደምንለቅ ልየው» ብዬ ቀጥሎ የቆመውን፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የገባውን መልእክት ከፈትኩ።

«የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ አስማማው በሚሌ መንገድ በደረሰ የመኪና አደጋ አርፏል። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ስለሚነገር የቅሬው አባላት በሙሉ እንድትገኙ።»

የአሮጊቷ ጥሪ የቆመው ከእሱ ኋላ ነበር።

እትዬ ዘነቡ መርሳ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያስጠጉኝ ሴት ናቸው። እኔና አስማማው አንድ መደብ ላይ ተኝተን፣ ባንድ ሳህን በልተን ነው ያደግነው። እኔ ወደ ትምህርቱ፣ እሱ ወደ ጭነት መኪናው ሄደ። ሞቱን የሰማሁት እንግዲህ ራሴ ከሠራሁት ሰልፍ ውስጥ ነው። ለቅሶዬ እንኳ አልመጣ አለኝ። መልእክቱ ለማን ለማን እንደሚሄድ ቁጥሮቹን ወደ ታች እያየሁ ሳለ የእትዬ ዘነቡ ቁጥር አብሮ ተሰልፎ አገኘሁት። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የቅሬው አባል እሳቸው ነበሩ።

ሰይድ ፊቴን አይቶ እሱም አነበበ። እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ።

«የአሮጊቷን ጥሪ ብቻ ማውጣት አንችልም?» አለኝ።

ሰልፋችን ከፊት እንጂ ከመሃል አይሰጥም። ሁሉንም እንዳንደመስስ የወልድያና የሐራ ቅሬዎች ጥሪም እዚያው ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እየለቀሙ ማውጣት ይቻላል፤ እስከዚያ ግን ቀብሩ ያልፋል። አንድ ቁልፍ ብንጫን አሮጊቷ ተሸካሚ ያገኛሉ፤ እትዬ ዘነቡም ብቻቸውን ቁጭ ባሉበት የልጃቸውን ሞት ያነባሉ። ሰይድ ላኪውን ጭራሹን ዘጋው፤ እኔ ለሸህ እንድሪስ ደወልኩ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አሉ ነገሩን ስነግራቸው። «ዘነቡም አባል ናት ለካ! እስከዛሬ የሞተብን ሁሉ እዚሁ አልጋው ላይ፣ ቤተሰቡ እያየው ስለሆነ ይሄን ያሰበው የለም። ጠሪው በእግሩ ሲዞር መርዶ ያልተነገረውን ሰው ደጃፍ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለማሽን ይሄን ማን ይንገረው?»

«ታዲያ ቀብሩስ፣ ሸህዬ?»

«በአፋችን እንጠራለን። ጠሪው ጉልበቱ ደከመ እንጂ ድምፁ አለ። አንተ ግን ና። ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር ትቆማለህ። ዛሬ ደግሞ የዘነቡን ስልክ ከእጇ አውጣልን፤ የሰማ ዘመድ እንዳይደውልባት። ስልክሽን አምጪ ብትላት የማትጠራጠረው አንተን ነው።»

ከወልድያ መርሳ ሩቅ አይደለም። የዚያን ቀን ግን አልደርስ አለኝ። ሲሪንቃ ላይ በየመደቡ ካስማ የተተከለበት የምርምር እርሻ ጤፉ ወርቅማ ሆኗል፤ ከመንገዱ ዳር ሴቶች ጥንቅሽ አስረው ይሸጣሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ አንድ አገዳ ሰብሮ ሰጠኝ፤ አልበላም ማለት ነውር ሆኖብኝ እንደያዝኩት መርሳ ወረድኩ። አስማማው ጥንቅሽ ሲልጥ በጥርሱ ነበር፤ ከንፈሩ ሳይቆረጥ የዋለበት የጥቅምት ቀን አልነበረም። እሱ ትዝ ሲለኝ ነው እንባዬ የመጣው፤ ከእትዬ ዘነቡ ደጅ ሳልደርስ ጠረግሁት።

«ደሱ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» ብለው ተነሱ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ማሽላ እሸት ጠብሰው በሰፌድ እያሹ ነበር፤ ትኩሱን ዘግነው እጄ ላይ ጨመሩልኝ። ስልኩን በምን ሰበብ እንደምጠይቅ ሳስብ፣ ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው እሳቸው ሰጡኝ።

«እንኳንም መጣህ። ይሄ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም። አስማማው እሑድን ሳይደውልልኝ አያልፍም ነበር። እስቲ እየው፣ የኔ ልጅ።»

የኋላውን ከፈትኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ እፍ አልኩበት። ሌላ ምን ላድርግ?

«ባትሪው ነው፣ እትዬ። ይዤው ልሂድና ነገ ጠዋት አመጣልዎታለሁ።»

«ነገ ጠዋት?»

«አዎ፣ ነገ ጠዋት።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ብላ እንጂ፣ እሸት ሲቀዘቅዝ አይጥምም» አሉ። በላሁ። ወዲያው ከታችኛው መንደር የጠሪው ድምፅ ተሰማ፤ የአሮጊቷን ስም እየጠራ ቅሬውን ይሰበስባል። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው አነሱና «ምስኪን፣ ሰው የላትም፤ ልድረስላት» ብለው ወደ ለቅሶው ቤት ወጡ። እኔም ከወንዶቹ ጋር ቃሬዛውን ተሸከምኩ። ሰው ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሸህ እንድሪስና ቄሱ ከፊት ሆነው፣ እኛ ተከትለን ሄድን። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። የሆነውን ሁሉ መናገር አልችልም፤ እትዬ ዘነቡ ሲወድቁ ግን መሬት አልነካቸውም፤ የያዛቸው ክንድ ብዙ ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ከሰይድ ጋር ፕሮግራማችንን አስተካከልን። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልተላከ መልእክት ወደ ጎን ይቀመጣል። በሩቅ አገር የሞተ ሰው ጥሪ ደግሞ ለብቻው ይቆማል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደውሎ «ተነግሯል» እስኪል ድረስ ላኪው አይነካውም። ሰይድ መጀመሪያ ሥራ ያጓትታል ብሎ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ራሱ ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ያችን ልጅ ለዘመዶቿ አስረክበን ጉዟችንን ስንቀጥል ወልድያ መግባት አቃተኝና መርሳ ላይ ወረድኩ። እትዬ ዘነቡ አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ያየሁትን ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ያላነሳነውን ነገር አነሱ።

«ያን ዕለት አውቀህ ነበር የመጣኸው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስልኩ እንዳልተበላሸ እኔም አውቅ ነበር። ጠዋት የእህቴ ልጅ ደውላልኝ አውርተንበታል። አስማማው ዝም ሲለኝ ጊዜ ስልኩ ነው ማለት ይሻለኛል ብዬ ነው። አንተ ባትሪው ነው ስትል ዓይንህን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅህ አትዋሸኝም ነበር» አሉ። «ስላልጠየቅሁህ ግን እስኪነጋ ልጅ ነበረኝ።»

ያቺን አንዲት ሌሊት የሰጠኋቸው እኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እኛ መርዶው የሚመጣበትን መንገድ ብቻ ነው የጠበቅንላቸው፤ ሌሊቷን ለራሳቸው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት እንደነጋላቸው ግን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ወልድያ የገባሁት መሽቶ ነው።