ከሶፋው በላይ ያለው ወንዝ

ባልሽ ምንድን ነው ሥራው ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ሐኪም አይደለም፤ ግን ውሎው ሆስፒታል ነው። ሰዓሊ አይደለም፤ ግን ቤታችን በሥዕል ተጨናንቋል። በእጁ ድመት ሳል ብትሉት የሚወጣው ድንች ነው፤ ጭራ ያለው ድንች። በተጋባን ሰሞን ለእናቴ ሥራውን ግማሽ ቀን ሲያስረዳት ዋለና መጨረሻ ላይ መነጽሯን አውልቃ፣ "ይሁን እሺ፤ እና ምንድን ነህ?" አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ሥር የሚያጠኑ ሐኪሞች ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የሚመረመረው ሰው ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ ላይ ይጋደማል፣ አንገቱን ቀዝቃዛ ነገር ይቀቡታል፣ ከዚያ ማሽኑ የደም ሥሩን ምስል ያወጣል። የሚሄደው ደም ቀይና ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያው ግራጫ። ባሌ የሠራው ፕሮግራም የደም ሥሩን ግድግዳ እየተከተለ የት ጋ እንደወፈረ፣ የት ጋ መተላለፊያው እንደጠበበ ይለካል። አመሻሽ ላይ ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ይከፍታል። ይሄኛው የራሱ ነው፤ ፎቶ ተቀብሎ በብሩሽ የተሳለ ያስመስላል። ቀን የጠራ መስመር ሲፈልግ ይውልና ማታ የጠራውን ሲያደበዝዝ ያመሻል። "ሁለቱንም ብትተዋቸው እኮ ያው ዜሮ ለዜሮ ነው" እለዋለሁ። አይስቅም።

ፕሮግራሙ ደግሞ ፊት አይወድም። የሠርጋችንን ፎቶ ቢሰጠው የኔን አፍንጫ ዋጠው፣ ሚዜዬን ጢም አበቀለባት፣ እናቴን ከመጋረጃው ጋር ቀላቀላት።

"እኔ የት አለሁ?" አለች እናቴ።

"እዚህ ጋ፣ እማማ፤ ከመጋረጃው በስተግራ።"

"በስተግራ ያለውም መጋረጃ ነው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ሰዓሊው" ሆነ። ስትጠራው ስድብ ነበር የሚመስለው። "ሰዓሊው፣ ቆሻሻውን ድፋ።" "ሰዓሊው፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል።" እሱም እሺ ብሎ ይሄዳል። በሕይወቱ እናቴን እምቢ ብሏት አያውቅም።

እምቢ የምትባልም ሴት አይደለችም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና ነው ጡረታ የወጣችው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከኛ ጋር ትኖራለች። ዛሬም ስታስነጥስ እኔና ባሌ ቀጥ ብለን እንቆማለን። እነባሌ ለጥናታቸው በዕድሜ የገፉ ፈቃደኞች ሲፈልጉ "ለሳይንስ ስል" ብላ ኩል ተኩላ ሄደች። ስትመለስ ግን አንገቷ ውስጥ በአንድ በኩል ያለው የደም ሥር ጠቦ መገኘቱን ሰማን። ሐኪሟ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችላት፣ ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሺ አለቻት። ችላ ከተባለ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ድንገት ሊቋረጥ እንደሚችልም አልደበቀቻትም።

"ምንም አላመመኝም" አለች እናቴ። "ያላመመኝን ነው የሚያክሙኝ?"

ክኒኖቹን በረንዳ ላይ ያለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ አገኘኋቸው። አበባውን ውሃ ሳጠጣ ነው ያየሁት፤ እሱስ አምሮበታል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! ባሌ ገና አፉን ሲከፍት ደግሞ "አንተ ሐኪም ነህ?" ትለዋለች፤ ያልቅለታል። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወድቃ አገኛት ይሆን የሚል ፍርሃት ገባብኝ። ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማዳምጠው የእሷን ኮቴ ሆነ።

በዚህ መሀል ነው ሥዕሉ የመጣው። ከምርመራው አትመው የሰጧትን ምስል እናቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወርውራው ነበር። ባሌ አነሳውና እስቲ ልሞክረው ብሎ ለዚያ ጉደኛ ፕሮግራሙ ሰጠው። ፊት የማይወደው ፕሮግራም አንገት ሲወድ! ግራጫው ተራራ ሆነ፣ ቀዩ በተራሮቹ መሀል የሚያልፍ ወንዝ ሆነ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የሚመስል ብርሃን ወረደበት። በትልቁ አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እናቴ ገባች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጎንበስ አለች።

"ይሄን ማነው የሠራው?"

"እ... እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"አንተ?" ደግማ አየችው። "እንዲህም ትችል ኖሯል! እሰይ!"

በማግስቱ ፍሬም አስገብታ ከሶፋው በላይ ሰቀለችው። ባሌ ወጥ ቤት ጎትቶ አስገባኝና የሥዕሉን ምንነት በሹክሹክታ ነገረኝ። የያዝኩት ማንኪያ ከእጄ ወደቀ።

"ሂድና ንገራታ!"

"ከተጋባን ጀምሮ ገና አሁን አመሰገነችኝ" አለ። "ተይኝ፣ ትንሽ ልደሰትበት።"

ፈሪ! ፈሪ መሆኑን ሳላውቅ አይደለም ያገባሁት። እኔም አልነገርኳት፤ ከእሱ ሳልሻል።

እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ሥዕሉ ሥር ታስቀምጠዋለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ሜትሯ ከአንገቷ የማይወርድ ሴትዮ፣ ያን ሥዕል ስታይ ትካዜ ያዛት። "ወይኔ፣ እዚህ ወንዝ ዳር አንዲት ቤት ብትኖረኝ" አለች። እኔ የምጠጣው ውሃ ትን አለኝ።

የቀጠሮዋ ቀን ሲቃረብ እናቴ ለሥዕሉ ጓደኛ ካልተሠራለት አለች። "አንድ ሥዕል ብቻውን ያፈጣል።" ባሌ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ በእግሬ ነካሁት።

"እማማ፣ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ካከበሩ ሁለተኛውን እሠራለሁ።"

"ጉቦ ነው?"

"አዎ።"

"ቢያንስ አልዋሸህም" አለችና እያጉረመረመች ሆስፒታል ሄደች።

ሁለተኛውም በመጀመሪያው ልክ ታትሞ ተሰቀለ። ልብስ ሰፊዋ ተጠርታ መጣች። ራሷን ወዲህ ወዲያ አለች፣ ሜትሯን ከአንገቷ መዘዘች፣ ሶፋው ላይ ወጥታ ለካች።

"ይሄኛው ጠቧል። ታጥቦ የተኮማተረ ጨርቅ ነው የሚመስለው።"

እናቴ ዞረች። "ሰዓሊው! ወንዙን ለምን አጠበብከው?"

ባሌ የሻይ ስኒ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ምን ያፈዝሃል? አስፋው እንጂ!"

ማስፋቱ ለእሱ ምንም አይደለም። ከዚህ ወደዚያ አንድ ጊዜ ቢጎትተው ወንዙ ባሕር ይሆናል፤ ሲያደርገው አይቻለሁ። እሺ ሊላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ስኒውን አስቀመጠ።

"አላሰፋውም።"

"ምን አልክ?"

"ወንዝ አይደለም፣ እማማ። አንገትዎ ነው። ሁለቱም የእርስዎ አንገት ናቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሀል ጠቧል።"

ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ወረደች። "በስመ አብ! እና እኔ ቤት ልሥራ ያልኩት እሷ አንገት ላይ ነው?"

እናቴ እሷን አልሰማቻትም። "አንተ ሐኪም ነህ?" አለች፤ እንደወትሮው ያልቅለታል ብላ።

"አይደለሁም!" ጮኸ። ባሌ ሲጮህ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። "ሰዓሊም አይደለሁም! ያለውን ነው ያወጣሁት። ሥዕሉን ይበቃኛል እስኪሉ ላሰፋልዎ እችላለሁ፤ አንገትዎ ውስጥ ግን እጄ አይገባም! ልጅዎ ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ እንደምትቆም ያውቃሉ?"

እኔ ያን ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ወደኔ ዞረች።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እማዬ። ፈርቼ ነው።"

ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ልክ ከሁለቱ አንገቶቿ ሥር። ከዚያ "እኔ ደግሞ በሩ የሚንቋቋው አርጅቶ ይመስለኝ ነበር" አለች። ቀጥላም፣ "ክኒኑን አምጪው።"

"አበባው ጨረሰው እኮ።"

"ሌላ ግዢያ!"

ከዚያ በኋላ ያየነውን መከራ አትጠይቁኝ። ጨው ከቤታችን ተሰደደ። ክኒኑን ቁርስ ላይ ስትውጥ ሁላችንም አጠገቧ እንድንቆም ትፈልጋለች፤ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይመስላል። ልብስ ሰፊዋን በየማለዳው ከመኝታዋ ቀስቅሳ ለእግር ጉዞ ትወስዳታለች፤ ያቺ ምስኪን ደንበኞቿን ስትለካ ማዛጋት ጀመረች።

የሦስተኛው ምርመራ ዕለት እናቴ ከሐኪሟም ከባሌም መስማት አልፈለገችም። "ቁጥር እንዳትነግሩኝ፤ ሥዕሉን አምጡ።" ባሌ አመጣው። እኔ ፊቱ ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ግን ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛውን ለካች፣ ሦስተኛውን ለካች፣ ተመልሳ ሁለተኛውን ለካች።

"አልሰፋም" አለች።

"ወይኔ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ምን ያስደነግጥሻል፣ አልጨረስኩም! አልጠበበምም። የክር ያህል እንኳ አልጠበበም።"

"ሐኪሟም ያሉት ይሄንኑ ነው" አለ ባሌ ከመስኮቱ ሳይዞር።

እናቴ ተነሳች። መዶሻ አምጡ አለች። ወንበር ላይ ወጥታ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጎን ሰቀለችው። ከጎኑ ሌላ ሚስማር መታች። ከዚያ ወረደች፣ ወንበሩን ገፋ አደረገች፣ ወጣች፣ ሌላ መታች። እንደገና ገፋችው። ባሌ ሚስማሮቹን በመዳፉ ይዞ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላል።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሚስማር ለምንድን ነው?"

"ለሚመጡት ነዋ! ምን ታፈጫለሽ፣ ወንበሩን ያዢልኝ።" እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። "ሰዓሊው፣ አቀብለኝ።"

በሩ ጋ እስክትደርስ አላቆመችም።