ትምህርቴን አቁሜ ሐይቅ የከረምኩበት ዓመት

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ መሰበሩን የሰማሁት ሶቭየት ኅብረት ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሾርባ ሳህን ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ወሬውን የነገረኝ ያን ሰሞን ከደሴ የመጣ አዲስ ተማሪ ነው። ወሎዬ መሆኔን ከአነጋገሬ ለይቶ ደስ አለውና የአገር ቤቱን ወሬ እየዘረዘረ ሳለ፣ "ሐይቅ ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉት ሴትዮ፣ ልጃቸው ሩሲያ የሄደችባቸው፣ ወድቀው ተሰብረው አልጋ ላይ ናቸው" አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ ፊቴን አይቶ የማን እናት እንደሆነች ገባው፤ ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ ወንበር ሳበልኝ።

አባቴ ልጅ ሳለሁ ሞቷል። አንድ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ነው። ድርቁም ገና ማለፉ ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ስትውል ውሃ የሚያቀብላት ማን ነው ብዬ ሳስብ ከእንግዲህ መጽሐፍ የምገልጥበት ልብ አልነበረኝም። ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ።

የአገሬ ልጆች ግን አብዛኞቹ ተቃወሙኝ። "ከገባሽ አትወጪም" አሉኝ። በዚያ ዘመን ከአገር መውጣት እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ መንግሥት አንዴ ያስወጣውን ሰው ሁለተኛ ያስወጣዋል ብሎ የሚምል አልነበረም። ከእኔ ቀድሞ የመጣ አንድ ተማሪ ደግሞ ሌላ ምክር መከረኝ። "ለማንም አትናገሪ። ሂጂና እናትሽን አይተሽ ነይ። ሲጠይቁሽ ታምሜ ነበር በያቸው" አለኝ። ልሰማው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ከሶቭየት ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ወደምትይዘው ሴት ቢሮ ሄድኩ።

ያቺ ሴት ግራጫ ሹራብ የማይለያት፣ ድምፀ ወፍራም፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራት ነበረች። የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምታ ስታበቃ መነጽሯን አወለቀች።

"ስሚኝ" አለች። "እዚህ አገር የምትኖሪው ተማሪ ስለሆንሽ ነው። ሌላ ምክንያት የለሽም። ዝም ብለሽ ከክፍል ከቀረሽ ስምሽ ይሰረዛል፤ ስምሽ በተሰረዘ ቀን የመኖሪያ ፈቃድሽም አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ሰው ነው የምትለምኚው።"

"የትምህርት እረፍት ብወስድስ?"

"እሱ ሌላ ነው። እረፍት ወስደሽ ግን እዚህ መቀመጥ አትችይም። ከአገር ትወጫለሽ፤ ፈቃድሽም ይዘጋል። ተማሪነትሽ ግን አይሰረዝም። ጊዜሽ ሲደርስ እኛ እንጠራሻለን፣ በዚያ ጥሪ አዲስ የመግቢያ ቪዛ ትወስጃለሽ። ትምህርት ሲጀመር ካልደረስሽ ግን እኔ ራሴ እሰርዝሻለሁ። ሳልፈልግ ነው የምሰርዝሽ።"

ቀጥላም፣ "የአንቺ መንግሥት መልሶ ያስወጣሽ እንደሆነ አላውቅም። ያንን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለች።

ማመልከቻውን እንድጽፍ ወረቀት ሰጠችኝ። ከየት እንደምጀምር ግራ ሲገባኝ አይታ ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና ራሷ ጻፈችልኝ፤ እኔ ፈረምኩ። ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ "አትቁጠሪው እንደ ሽንፈት" አለችኝ። ከዚያች ሴት ቃል ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

ኅዳር ላይ ሐይቅ ገባሁ። ከደሴ በመጣው አውቶቡስ መስኮት ሐይቁ ሲታየኝ ማልቀስ ጀምሬ፣ ቤት በር ስደርስ ዕንባዬን ጠራርጌ ገባሁ። እናቴ ከልብስ መስፊያ መኪናዋ አጠገብ በተዘረጋ አልጋ ላይ ተኝታለች። ደሴ ሆስፒታል ወራት ተኝታ፣ አጥንቱ ይያዝ እንጂ መቀመጥ እንኳን ሳትችል ነበር የመለሷት። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው፣ "ማን ነገረሽ?" ነው። የተናገረውን ሰው ልትቆጣ ነበር።

አጠገቧ ተቀምጣ ያገኘኋት ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት ናት። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ካህን ቤት፤ ግድግዳችን ግን አንድ ነው። እናቴን ሳገላብጣት ልማዴ ሆኖ መጀመሪያ ጀርባዋን ገልጬ አየሁ። ወራት የተኛች ሴት ናት፤ አንድም የአልጋ ቁስል አልነበረባትም። ጎረቤታችን ጠዋትና ማታ ታገላብጣት፣ በቅቤ ታሻት፣ አንሶላዋን ታጥብ ነበር። እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"ተይ እንጂ" አለችኝ ብድግ አድርጋ። "እኔ ብወድቅ እሷ አትሠራውም ነበር? አሁን አብሽሪ፣ አንቺም መጥተሻል።"

ሥጋ በየእምነታችን ስለምናርድ በሥጋ ማዕድ አንድ ላይ አንቀርብም። ዓሣ ግን ባርከው የሚያርዱት ነገር አይደለም፤ የሁሉም ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ለእናቴ ጉልበት ይሆናታል ብላ ከሐይቁ ዓሣ እያስመጣች ትቀቅል ነበር፤ ከዚያው ሳህን እሷም እኔም እናቴም እንበላለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ብዙ ዓይነት ዓሣ በልቻለሁ። እንደዚያ የጣመኝ የለም።

ክረምቱ እስኪገባ ሥራዬ እናቴን ማስነሳት ሆነ። መጀመሪያ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በአልጋው ጠርዝ እግር ማንጠልጠል፣ ቀጥሎ በእኔና በጎረቤታችን ትከሻ ተደግፎ መቆም። ታመናጭቀኛለች፤ "ገዳይ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም" ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀበሌ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ግንቦት ላይ እናቴ በሁለት ዱላ ደጃፍ ደረሰች። እዚያው ቁጭ ብላ መንገደኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ሰላም አለች፤ መንገደኛውም ሁሉ ቆሞ፣ "አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ" አላት።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ እየዳነች በሄደች መጠን የኔ ጊዜ እያለቀ ነበር። ጥሪው ደግሞ አልመጣም።

ይህን ያወቀችው እናቴ ናት። "ለምን መጣሽ አላልኩሽም" አለችኝ አንድ ጠዋት። "አሁን ግን ለምን ቀረሽ እልሻለሁ።"

"አንቺን ለማን ትቼ?"

ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር ሳትል፣ "ሳትመጪ ለማን ነበር የተተወችው?" አለች።

አዲስ አበባ ሄጄ መውጫ ቪዛ ለመጠየቅ ከቀበሌ የመሸኛ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ስታስተምር አይቻታለሁ ብሎ ሳያንገላታ ሰጠኝ። ከዚያ አምባሰል የሚኖረው የእናቴ ወንድም መጣ። አጎቴ ሽርጥ የሚያገለድም፣ ጋቢ የሚደርብ፣ ማሳውን ትቶ ከደሴ አልፎ የማያውቅ ገበሬ ነው። "ብቻዋን አዲስ አበባ አትሄድም" አለ። የሱ መምጣት ምን እንደሚጠቅመኝ አልታየኝም ነበር፤ ግን እምቢ አላልኩም፤ አብረን ሄድን።

አዲስ አበባ ጉዳዬን የያዘው ሹም መዝገቤን ገልጦ፣ "አንቺ እኮ ተመላሽ ነሽ" አለኝ።

"ተመላሽ አይደለሁም፤ የትምህርት እረፍት ላይ ነኝ።"

"እኛ ዘንድ እረፍት የሚባል የለም። የሄደ አለ፣ የተመለሰ አለ።"

በዚያች ቃል ነገሬ ተንጠለጠለ። እዚያ ማዶ ተማሪ ነኝ፤ እዚህ አይደለሁም። እዚያ የመኖሪያ ፈቃዴ ተዘግቷል፤ እዚህ መውጫ ቪዛ አይሰጠኝም። በየጠዋቱ እንሄዳለን፤ በየጠዋቱ "ነገ" እንባላለን። ባለጉዳዩ ሁሉ ሹሙን "ጓድ" እያለ ሲጠራው፣ አጎቴ ብቻ "ልጄ፣ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና?" እያለ ዱዓ ያደርግለታል። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ኮሪደሩ ጥግ ጋቢውን አንጥፎ ይሰግዳል፤ ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ይላል። አፍሬበት ነበር።

አንድ ቀን ሹሙ ከቢሮው ወጥቶ ሲያልፍ አጎቴ ፊት ቆመ። "አባቴ፣ እርስዎ በየቀኑ የሚመጡት ምን ፈልገው ነው?" አለው።

አጎቴ ተነስቶ ቆመ። "እኔስ የምፈልገው የለም፣ ልጄ። የእህቴን ልጅ ይዤ ነው። እናቷ ወድቃ ልታነሳ መጣች፤ አነሳቻት። አሁን ሄጄ ልጨርስ አለች። ወይ አሳልፋት፣ ወይ ቁርጡን ንገራትና አገሯ ትግባ። መሃል መንገድ ላይ ሰው አይተውም፤ በእኛ አገር ነውር ነው።"

ሹሙ የሚቆጣ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። "ከየት ነው የመጡት?" አለው።

"ከአምባሰል።"

"ግቡ" አለን።

እዚያው ፊታችን ስልኩን አንስቶ ወደ ሶቭየት ኤምባሲ ደወለ። ስሜን ነገራቸው፤ ፊደሉን ሁለቴ አስተካከለላቸው፤ ጠበቀ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ያቺ ግራጫ ሹራብ ለባሽ ጥሪዬን ለፖስታ ብቻ አልተወችውም፤ በኤምባሲው በኩልም ልካው ኖሮ ከሐምሌ ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ ጥሪው ነበረ።

ሹሙ መዝገቤ ላይ "ተመላሽ" የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ ላይ "ለጊዜው የመጣች" ብሎ ጻፈ። ያችኑ ቃል ለመለወጥ ነበር ያ ሁሉ ምልልስ። ጳጉሜን ሳያልፍ መውጫ ቪዛውም መግቢያ ቪዛውም ተመታልኝ።

ስደርስ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቢሮዋ ገባሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታኝ፣ "ዘግይተሻል" አለች፤ ከዚያ ተነስታ አቀፈችኝ። ስሜን አለመሰረዟን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንደ አዲስ መጪ ተመርምሬ፣ አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ ወጣልኝ። የድሮ አልጋዬ ለሌላ ተሰጥቷል፤ የድሮ ጓደኞቼ አንድ ክፍል ቀድመውኛል። ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ተቀምጬ ያቋረጥኩትን ዓመት ከሥሩ ደገምኩት። ሲደገም ይበልጥ ገባኝ፤ ስለ አጥንት የተማርኩትን ሁሉ የእናቴን ዳሌ እያሰብኩ አነበብኩት።

ጨርሼ የተመለስኩት ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ነው፤ ደሴ ተመደብኩ። እናቴ ያኔ በአንድ ዱላ ትሄድ ነበር። የመስፊያ መኪናዋን በደህናው እግሯ ብቻ መርገጥ ተምራ፣ የጎረቤታችንን የልጅ ልጆች የጥምቀት ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች።

ያቺን የቢሮ ሴት ዳግም አላገኘኋትም፤ አገሯም ያኔ የነበረው አገር አይደለም። የሹሙን ስም አልጠየቅሁም። አሁን ውጭ የሚማሩ የዘመዶቼ ልጆች ሲጨንቃቸው ደውለው፣ ትምህርቴን ላቁመው ወይ ይሉኛል። አቁሙ አልልም፣ አታቁሙም አልልም። መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሳትናገሩ አትጥፉ፤ እረፍት ስትወስዱ ፈቃዳችሁ ምን እንደሚሆን፣ በምን እንደምትመለሱ ሳታውቁ ሻንጣ አታንሱ እላቸዋለሁ።

አጎቴ ከአዲስ አበባ እንደተመለሰ አምባሰል ለሚጠይቀው ሁሉ ወሬውን ሲያወራ ስለ ራሱ አንድም ቃል አላነሳም አሉ። "ሰውየው ደግ ሰው ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ እንደገባው ወዲያው ጨረሰላት" ብሎ ነው የሚያወራው።